ጉልበቴን ምን ያዘው?

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የፊዚዮቴራፒስቷ መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። የአንዷ ጉልበት አልታጠፍ ብሏል። የሌላው ትከሻ አልነሳ ብሏል። የአንዷ አባት እጅ ተጨብጦ ቀርቷል። የሚገርመው ደግሞ የተሞከረው መላ የሁሉም አንድ ነው፤ ፈርጠም ያለ ሰው ፈልጎ ማስገፋት። ስለዚህ ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው እትም አሳድሬ ዛሬ በዚሁ ላይ ልቆይ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ከደረጃ ወድቄ የቀኝ ጉልበቴ ሎሚ ተሰበረና ኦፕራሲዮን ተደርጌ በሽቦ ታሰረልኝ። ከዚያ እግሬ ለስድስት ሳምንት ቀጥ እንዳለ ቆየ። ማሰሪያው ከወለቀ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። መዘርጋቱን ይዘረጋል፤ ሲታጠፍ ግን 80 ዲግሪ ላይ ይቆማል። ደረጃ የምወርደው እንደ ሕፃን ሁልጊዜ አንዱን እግሬን እያስቀደምኩ ነው። የባለቤቴ ወንድም ስፖርተኛ ስለሆነ ማታ ማታ በደረቴ አስተኝቶ ይገፋልኛል። አለቅሳለሁ። እሱ ግን “ካላመመሽ አይለቅም” ይላል። በማግስቱ ያብጣል። ባለሙያዋ የሰጠችኝን እንቅስቃሴ በሳምንት ሁለት ቀን ክሊኒክ ስሄድ እሠራለሁ። ይህ ጉልበት ይታጠፍ ይሆን?
ጉልበቷ ያስቸገራት

መልስ፦ እህቴ፣ ለባለቤትሽ ወንድም ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ከዚያ ከዛሬ ማታ ጀምሮ እረፍት ስጪው።

አንድ መገጣጠሚያ አልንቀሳቀስ ሲል እኔ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው “ምን ያዘው?” ብዬ ነው። የሚይዘው ነገር ብዙ ነው። ሕመም ይይዘዋል፤ ጡንቻው ይፈራና ጭብጥ ይላል። ውስጡ የቋጠረው ፈሳሽ ይይዘዋል። ያጠረ ጡንቻ ይይዘዋል። መገጣጠሚያውን ዙሪያውን የሚሸፍነው ከረጢት ተኮማትሮና ጠባሳ ይዞ ያስቸግራል። አንዳንዴም አጥንት ከአጥንት፣ ወይም አጥንት ከብረት ይጋጫል። እጅ ላይ ሁሉም ስሜቱ የተለያየ ነው። ያጠረ ጡንቻ ስትታገሺው ትንሽ ትንሽ ይለቃል። ጠባሳ ያለው ከረጢት ድርቅ ይላል፤ ቢለቅም በብዙ ልመና ነው። አጥንት ከሆነ ግን ቋ ብሎ ይቆማል። እሱን ዓመቱን ሙሉ ብትገፊው ትርፉ ሕመም ነው። የሚያስፈልገው ራጅ ነው።

ያንቺን ጉልበት በእጄ አልነካሁትም። ከደብዳቤሽ ግን ሁለት ተጠርጣሪ ይታየኛል።

አንደኛው እብጠቱ ነው። ጉልበት ውስጥ ፈሳሽ ሲጠራቀም ለጭን የፊት ጡንቻ የሚደርሰው የነርቭ ትእዛዝ ይቀንሳል። ጡንቻው ይለግማል፤ ጉልበቱም ተወጥሮ ለመታጠፍ ቦታ ያጣል። ማታ ተገፍቶ ጠዋት የሚያብጥ ጉልበት ያንን ቀን ምንም አይሠራም። ማታ እንደገና ይገፋል። ሁለት ወር እንዲህ ከሄደ አለመታጠፉ አይገርምም።

ሁለተኛው ሎሚው ራሱ ነው። ጉልበት ሲታጠፍ ሎሚው በጭን አጥንት ላይ ባለው ቦይ ወደ ታች መንሸራተት አለበት። ካልወረደ ጉልበቱ አይታጠፍም፤ አለቀ። ስብራቱና የስድስት ሳምንቱ መታሰር ከሎሚው በላይ ያለውን ለስላሳ ኪስ እርስ በርሱ ያጣብቁታል። እንዲህ ፈትሺው። እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጪና ጭንሽን ሙሉ በሙሉ ልቀቂው። የደህናውን ጉልበት ሎሚ በሁለት አውራ ጣት ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ከላይኛው ጠርዙ ይዘሽ ወደ እግርሽ አቅጣጫ ግፊው። እንደልቡ ይንሸራተታል። አሁን የታመመውን ሞክሪ። ችክ ካለ አንዱን ተጠያቂ አግኝተሻል ማለት ነው። ስብራቱ መግጠሙን ሐኪምሽ በራጅ ካረጋገጠልሽ በኋላ ይኸው ግፊት ራሱ ሕክምናሽ ይሆናል። ከማጠፍሽ በፊት ለሁለት ደቂቃ ያህል፣ ለስለስ አድርገሽ ወደ ታች እየገፋሽ ያዝ ለቀቅ አድርጊው።

80 ዲግሪ ምን ያህል ነው? ሜዳ ላይ ለመሄድ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ይበቃል። ለደረጃ እንደ ከፍታው ከ80 እስከ 100 ይጠይቃል፤ መውረዱ ከመውጣቱ ይብሳል። ከመደበኛ ወንበር በእጅ ሳይደገፉ ለመነሳት 90 እና ከዚያ በላይ። ቁጢጥ ለማለት ከ130 በላይ። ስለዚህ ደረጃ ላይ የምትቸገሪው ፈሪ ስለሆንሽ አይደለም። ዲግሪው ስላልሞላ ነው።

ስለ ዲግሪው አንድ ነገር ልንገርሽ። የምንለካው ጎኒዮሜትር በምትባል፣ ሁለት ማስመሪያ በአንድ ብሎን የተያያዘ በምትመስል ዕቃ ነው። ብሎኗን ከጉልበቱ ውጭኛ ጎን ላይ አሳርፋለሁ። አንዱን ክንዷን ከዳሌ ጎን ወዳለው ጉብታ፣ ሌላውን ከቁርጭምጭሚት ውጭ ወዳለው ጉብታ አነጣጥራለሁ። ታካሚዋ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ቁጥር ለመጨመር ዳሌዋን ሸርተት ታደርጋለች። አያለሁ፤ ዝም እላለሁ፤ ዳሌዋን አስተካክዬ እንደገና እለካለሁ። እንዲህም ሆኖ ከአንዱ ልኬት ወደ ሌላው እስከ 5 ዲግሪ ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ በ3 ዲግሪ አትደሰቺ፣ በ3 ዲግሪም አታልቅሺ። ቤትሽ ውስጥ የተሻለ መለኪያ አለሽ። ሁሌም አንዱን ወንበር ተጠቀሚ፤ ጀርባሽን አስደግፈሽ ተቀመጪ፤ እግርሽን መሬት ላይ እየጎተትሽ የቻልሽውን ያህል ወደ ኋላ ውሰጂ። ጣቶችሽ ያረፉበት ላይ ፕላስተር ለጥፊ። በሳምንት አንዴ ብቻ አዲስ ፕላስተር። በየቀኑ የሚለካ ሰው ይናደዳል።

አሁን ወደ ሥራው። ትልቁ ችግርሽ “በሳምንት ሁለት ቀን” ያልሽው ነው። ክሊኒክ የሚሠራው ለማስተማርና ለማስተካከል ነው። ጉልበቱን የሚያጥፈው የቀሪው ቀን ልፋት ነው። በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው አሥር ደቂቃ። ጉልበቱ ካላበጠና ካልጋለ ቀድመሽ በሞቀ ፎጣ አሙቂው። ካልሲ አድርገሽ ወለል ላይ ተረከዝሽን ወደ መቀመጫሽ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ አንሸራትቺ።

ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እስከሚቻለው አጥፊውና የደህናውን እግርሽን ከታመመው ቁርጭምጭሚት ፊት አሻግሪ። የታመመው እግር ወደ ፊት ይግፋ፣ ደህናው ይከልክለው። ትግል አይደለም፤ ከአቅምሽ ሩቡን ያህል፣ ለአምስት ስድስት ሰኮንድ። ከዚያ ልቀቂው፤ ተንፍሺ። ጡንቻው ለቀቅ ባለበት ቅጽበት ደህናው እግር ወደ ኋላ ይግፋውና እዚያ 30 ሰኮንድ ያቆየው። ሦስት አራት ጊዜ ድገሚው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በጤነኞች ቋንጃ ላይ የተሠራ ጥናት 30 ሰኮንድ ማሳሳብ ከ60 ሰኮንድ ያላነሰ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ስለዚህ ደቂቃ ሙሉ ጥርስሽን መንከስ የለብሽም።

ያገኘሻትን ዲግሪ ወዲያው ሥራ ላይ አውያት። ከፍ ካለ ወንበር መቀመጥና መነሳት፣ ዝቅ ያለች መወጣጫ ላይ መውጣትና መውረድ። የማይንቀሳቀስ ሳይክል ካገኘሽ ኮርቻውን ከፍ አድርጊ። ሙሉ ዙር ለማዞር ከ100 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ለጊዜው ፔዳሉን ወደፊትና ወደኋላ አወዛውዢ። አንድ ቀን ሳታስቢው ይዞርልሻል። ያን ቀን ክሊኒክ ውስጥ የሚሰማውን ጩኸት ብታዪ!

ማመሙስ? ያማል፤ አልዋሽሽም። ከዜሮ እስከ አሥር ቆጥረሽ እስከ አራት አምስት ከሆነ ችግር የለውም። ግን በሰዓት ውስጥ ወደነበረበት መመለስ አለበት። ዳኛው የማግስቱ ጠዋት ነው። ሲነጋ ጉልበቱ ከትናንቱ ካበጠ አብዝተሻል፤ ለዚያ ቀን ግማሹን ብቻ ሥሪ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ፣ በፎጣ የተጠቀለለ በረዶ ያዢበት። በልብስ ሰፊ ሜትር ከሎሚው በላይ ብትለኪው እብጠቱን በዓይን ከመገመት ትድኛለሽ።

ማታ ከጉልበትሽ ሥር ትራስ አታድርጊ። ደስ እንደሚል አውቃለሁ። ግን የያዝሽውን መዘርጋት ይወስድብሻል። ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ጉልበት ሙሉ በሙሉ ከማይታጠፍ ጉልበት ይልቅ ለአረማመድ ይከፋል፤ ሁሌም ያነክሳል።

“ማሽን ላይ ቢያደርጉኝስ?” የሚሉም አሉ። ካናዳዊው የአጥንት ሐኪም ሮበርት ሶልተር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጥንቸሎች ላይ ሠርቶ፣ የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ከታሰረ ይልቅ የውስጡ ልስልስ አጥንት እንደሚሽርለት አሳየ። እግርን ያለማቋረጥ የሚያጥፈውና የሚዘረጋው ማሽን የመጣው ከዚያ ነው። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ በአልጋ ላይ የማሰንበት ልማድን ለውጧል። ማሽኑ ራሱ ግን ጉልበት ከተቀየረላቸው ሰዎች ላይ ሲፈተሽ ጥቅሙ ትንሽ ሆኖ ተገኘ። አንቺ ራስሽ የምታንቀሳቅሺው ይበልጣል።

ጊዜው አላለፈብሽም። በዚህ መልክ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በደንብ ሠርተሽ ፕላስተሩ ካልተንቀሳቀሰ ግን ወደ ቀዶ ሐኪምሽ ተመለሺ። ሽቦው መፈተሽ አለበት። በማደንዘዣ አስተኝቶ ማጠፍ ወይም የተጣበቀውን በካሜራ መፍታትም አለ፤ እነዚህ ደግሞ ሳይዘገይ ቢሠሩ ይሻላሉ። ባትሽ በድንገት ካበጠና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ወይም ጉልበቱ ቀልቶና ግሎ ካተኮሰሽ፣ ወይም እግርሽን ራስሽ ቀጥ አድርገሽ ማንሳት ካቃተሽ ግን አራት ሳምንት አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሂጂ።

ጥያቄ፦ የ54 ዓመት ሰው ነኝ፤ ስኳር አለብኝ። ሳልወድቅ ሳልመታ ግራ ትከሻዬን ማመም ከጀመረኝ አምስት ወር ሆነ። ሌሊት ያስነሳኛል። የሱሪዬን የኋላ ኪስ መንካት ካቆምኩ ቆየሁ። ጂም የሚሠራ ጓደኛዬ ብረት ላይ ተንጠልጠልና ይለቅቅሃል አለኝ። ልሞክረው?
ኪሱ የራቀው

መልስ፦ አይንጠልጠሉ፤ ጓደኛዎ ይንጠልጠል።

አሁን አንድ ነገር ይሞክሩ። ሁለቱን ክርኖችዎን ከጎንዎ ጋር አጣብቀው 90 ዲግሪ ይጠፉ። ክርንዎ ሳይላቀቅ ሁለቱን መዳፎች ወደ ውጭ ይክፈቱ። ቀኙ ይከፈታል። ግራው ፊት ለፊት ቆሞ ከቀረ ሌላ ሰው ቀስ ብሎ እንዲከፍትልዎ ያድርጉ። እርስዎም እሱም ካልቻላችሁ የያዘው የትከሻው ከረጢት ነው ማለት ይቀርባል። እርስዎ አቅቶዎት እሱ ካንቀሳቀሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጅማት ሊሆን ስለሚችል መንገዱ ይለያል።

እንደገመትኩት ከሆነ ፍሮዝን ሾልደር (የትከሻ ድርቀት) የሚሉት ነው። ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉት ላይ ይበዛል። ሴቶችን ይበልጥ ይይዛል። ስኳር ያለባቸውን ደግሞ ከሌላው አብልጦ ይወዳል፤ ይቆይባቸዋልም። ለማረጋገጥ ሐኪም ይይዎት። ራጁ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። የሚነሳው ሌላ ነገር አለመኖሩን ለማወቅ ነውና “ምንም የለም ተባልኩ” ብለው እንዳይናደዱ።

ይህ በሽታ የራሱ አካሄድ አለው። መጀመሪያ ያማል፤ እንቅስቃሴውም እየጠፋ ይሄዳል። ከዚያ ሕመሙ ረገብ ብሎ ድርቀቱ ይቀራል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይለቃል። ጠቅላላው ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል፤ ጥቂት ድርቀት የሚቀርባቸውም አሉ። ሌሊት የሚያስነሳዎት ከሆነ እርስዎ ገና የመጀመሪያው ላይ ነዎት። ከረጢቱ ተቆጥቷል። የተቆጣን ነገር መጎተት ቁጣውን ያስረዝመዋል። ይህን የምለው ከሆዴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 ከኔዘርላንድስ የወጣ፣ 77 ታካሚዎችን ለሁለት ዓመት የተከታተለ ጥናት ነበር። ሕመማቸው በሚፈቅደው ልክ ብቻ የተንቀሳቀሱት ከሕመም በላይ ከተሳሳቡት የተሻለ ትከሻ ይዘው ጨረሱ። ጂም ለሚሠራው ጓደኛዎ ያንብቡለት።

ታዲያ ምን ይሥሩ? ጎንበስ ብለው በደህናው እጅ ጠረጴዛ ይደገፉ። የታመመው ክንድ ወደ ታች ይንጠልጠል። ክንዱን በትከሻ ጡንቻ አያንቀሳቅሱት፤ ወገብዎን ወዝወዝ ሲያደርጉ እሱ ራሱ ይወዛወዛል። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ኮድማን ያስተዋወቀው ነው፤ ዛሬም ከሱ የተሻለ ማስታገሻ እንቅስቃሴ አላየሁም። ከዚያ መዳፍዎን ፎጣ ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ወደፊት ያንሸራቱ። ከዚያ ጀርባዎ ላይ ተኝተው በሁለት እጅ ዱላ ይያዙና፣ ክርንዎ ከጎንዎ ሳይርቅ፣ በደህናው እጅ የታመመውን ወደ ውጭ ይግፉት። የሚያጽናና ሕመም ሲመጣ ያቁሙ። “የሚያጽናና” ስል ለቀቅ ሲያደርጉ ወዲያው የሚጠፋውን ነው። የኋላ ኪሱን ለጊዜው ይርሱት። በዚህ ጊዜ እጅን ከኋላ መጎተት ከሁሉም በላይ ያስቆጣል።

መርፌውን አይፍሩት። በዚህ በሕመሙ ወቅት ትከሻ ውስጥ የሚሰጥ ስቴሮይድ ለብዙዎች እንቅልፍ ይመልሳል። እርስዎ ግን ስኳር ስላለብዎት ከመርፌው በኋላ ለጥቂት ቀናት ሊጨምር ይችላል። አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ በነዚያ ቀናት አዘውትረው ይለኩ። ማታ በጀርባዎ ሲተኙ ከክንድዎና ከክርንዎ ሥር ትራስ ያድርጉ። ለጉልበት የከለከልኩትን ትራስ ለትከሻ ፈቅጃለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ ስትሮክ ካገኛቸው ሰባት ወር ሆነ። ግራ እጃቸው ጭብጥ ብሎ ቀርቷል። እንዳይደርቅ ብለን በየቀኑ ክንዳቸውን ይዘን ወደ ላይ እንስባለን፤ ጣቶቻቸውንም በግድ እንከፍታለን። ትከሻቸውን ስለሚያማቸው እኛን ሲያዩ ፊታቸው ይቀየራል። ከአልጋም የምናነሳቸው በሁለት እጃቸው ይዘን ነው። ብንተወው ይደርቃል፣ ብንሠራው ያማል። ምን ይሻላል?
የአባቷ ልጅ

መልስ፦ እህቴ፣ እዚህ ላይ “ምን ያዘው?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከሁለቱ ደብዳቤዎች ይለያል። ጡንቻውን የሚያዘው አእምሮ ስለተጎዳ ጡንቻው ያለልክ ይቆጣል። በፍጥነት ሲሳብ ይበልጥ ይጨብጣል። ከወራት በኋላ ደግሞ በእውነትም ያጥራል። ሁለቱ ስለሚደራረቡ ጉልበት መጨመር አይረዳም። ቀስ ማለት ይረዳል።

ትከሻውን አሁኑኑ አስተካክሉ። ከስትሮክ በኋላ የክንዱን ራስ ጉድጓዱ ውስጥ የሚይዙት ጡንቻዎች ይለግማሉ። ክንዱ በራሱ ክብደት ዝቅ ይላል። እንዲህ ያለውን ክንድ ይዞ ማንሳት፣ በሱም ሰውየውን ከአልጋ መጎተት፣ ውስጡ ያለውን ይቆነጥጣል። ሕመሙ ከዚያ ሳይሆን አይቀርም። ከዛሬ ጀምሮ በክንድ መጎተት ይቅር። በጎናቸው ተገልብጠው፣ እግራቸው ከአልጋ ወርዶ፣ ከትከሻ አጥንታቸውና ከዳሌያቸው ተደግፈው ይነሱ። ክንዱን ከትከሻ ከፍታ በላይ አታንሱ። አስተማማኝ አያያዝ ባለሙያ እጃችሁን ይዞ እስኪያሳያችሁ ድረስ ይህ ይከበር። በገመድና በፑሊ ወደ ላይ መጎተት የሚያስቡ ካሉ ይተዉት። ሲቀመጡ ክንዱ ተንጠልጥሎ አይቅር፤ ትራስ ወይም ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ መዳፋቸው ቢቻል ወደ ታች ተዘርግቶ።

ጣቶቹን ለመክፈት አንድ ብልሃት አለ። ጣቶቹን በቀጥታ አትታገሉ። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። በመጀመሪያ የእጃቸውን አንጓ ወደ ውስጥ፣ ወደ መዳፍ አቅጣጫ እጠፉት። የጣት ጅማቶች አንጓውን አቋርጠው ስለሚያልፉ አንጓው ሲታጠፍ ይላላሉ፤ ጭብጡም በራሱ ይፈታል። አሁን አውራ ጣቱን ከጫፉ ሳይሆን ከሥሩ፣ መዳፉ ላይ ካለው ሥጋማ ክፍል ይዘሽ ወደ ውጭ አውጪው። ከዚያ ሌሎቹን ጣቶች ዘርጊ። ጣቶቹን ዘርግተሽ እንደያዝሽ አንጓውን በጣም በቀስታ ቀና አድርጊው። ሲከብድሽ ቁሚ፤ ጠብቂ፤ ሲለቅ ቀጥዪ። መጀመሪያ ያደረገችው ሴት ልጅ ሁሌ “ይኸው ነው እንዴ?” ትላለች። ይኸው ነው። በዚያው መዳፋቸውን እጠቢ፣ አድርቂ፣ ጥፍራቸውን ቁረጪ። የተጨበጠ መዳፍ ውስጡ ይቆስላል።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። በነርቭ ሕመም ምክንያት የደረቀ መገጣጠሚያ ላይ በሰው እጅ ማሳሳብ ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ ይህን ነው ያሳዩት። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በማሳሳብ አትጨርሱት። ንጽሕናውንና ምቾቱን ያዙበት፤ የቀረውን ጉልበት እጁ ራሱ እንዲሠራ አውሉት። ጠረጴዛ ላይ በፎጣ ክንዱን ራሳቸው እንዲገፉ፣ ደህናው እጅ የያዘውን ብርጭቆ ያኛው እንዲደግፍ። ጥቂትም ቢሆን ራሳቸው የሚያንቀሳቅሱት ከሆነ ዋጋው ትልቅ ነው። ጭብጡ በጣም ካስቸገረ ስለ ቦቱሊነም መርፌ ሐኪም ጠይቂ። ጡንቻውን ለጥቂት ወራት ያላላዋል። መርፌው የሚጠቅመው በነዚያ ወራት ውስጥ ልምምድ ከተሠራበት ነው፤ ተወግተው ከተቀመጡ ጊዜው ባክኖ ያልፋል።

ጥያቄ፦ የ22 ዓመት ኳስ ተጫዋች ነኝ። ቁርጭምጭሚቴን ወለም ካለኝ አራት ወር ሆኖኛል። ሕመሙ ጠፍቷል፤ ቁጢጥ ስል ግን ተረከዜ ይነሳል። በየቀኑ ግድግዳ ገፍቼ ባቴን አሳስባለሁ፣ ለውጥ የለም።
ተረከዙ የሚነሳ

መልስ፦ ግድግዳውን ገፍተህ አትጨርሰውም፤ ለካበት። የእግርህ አውራ ጣት ከግድግዳው ትንሽ ይራቅ። ተረከዝህ ሳይነሳ ጉልበትህን ግድግዳ አስነካ። እየራቅህ ሞክር። ተረከዝህ ሊነሳ ሲል ቆመህ ከጣትህ እስከ ግድግዳው ያለውን በሴንቲሜትር ለካ። ከዚያ ደህናውን እግር። ብዙ ጤነኛ ሰው 10 ሴንቲሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ላንተ ግን ዋናው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ያን ስታደርግ የት ነው የሚይዝህ? ከፊት፣ ቁርጭምጭሚቱ እጥፋት ላይ ቁንጥጥ የሚያደርግህ ከሆነ ባትህ ንጹሕ ነው፤ አራት ወር ያለጥፋቱ ነው የቀጣኸው። የያዘው መገጣጠሚያው ነው። ባለሙያ በእጁ አጥንቱን ወደ ኋላ እየገፋ ቢሠራልህ ቶሎ ይለወጣል። ከኋላ የሚወጥርህ ከሆነ ባትህ ነው፤ ግን ባት ሁለት ጡንቻ ነው። ጉልበትህን ቀጥ አድርገህ ስታሳስብ ላይኛውን ታገኛለህ። ታችኛውን የምታገኘው ጉልበትህን አጥፈህ ነው፤ ቁጢጥ ስትል የሚይዝህም እሱ ነው። አንተ ጉልበትህን ቀጥ አድርገህ ብቻ እንደምትሠራ እወራረዳለሁ።

ማሳሳብ ብቻውንም አይበቃህም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምናየው ለውጥ በአብዛኛው ሰውነት ውጥረቱን መልመዱ ነው፤ ጡንቻው ገና አልረዘመም። መወጣጫ ጠርዝ ላይ በእግርህ ፊት ቁም። በሁለት እግር ውጣ፣ በታመመው ብቻ እስከ ሦስት ሰኮንድ እየቆጠርክ ውረድ፣ ተረከዝህ ከመወጣጫው በታች እስኪወርድ። አሥር አሥራ ሁለት፣ ሦስት ዙር፣ ጉልበት ቀጥ ብሎም ታጥፎም። በሙሉ ስፋቱ የሚሠራ የጥንካሬ ልምምድ እንቅስቃሴን በመጨመር ከማሳሳብ እንደማያንስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ከዚያ ላይ ጥንካሬው ትርፍ ነው። ለዳግም ወለምታም የሚያሰጋህ ድክመቱ ነውና በአንድ እግር የመቆም ልምምዱን አትርሳ። ከጨዋታ በፊት ረጅም ማሳሳብ ተው፤ ከደቂቃ በላይ ተወጥሮ የቆየ ጡንቻ ለጊዜው ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል። እየተንቀሳቀስክ አሟሙቅ።

አጫጭሮቹን ደግሞ በጥድፊያ።

“ጉልበቴ ሲታጠፍ ይንጫጫል፤ እያለቀ ነው?” ሕመም፣ እብጠት ወይም መቆለፍ ከሌለው ይንጫጫ። ብዙ ጤነኛ ጉልበት ይጮኻል። ድምፁን ፈርቶ ማጠፍ የተወ ሰው ነው የሚጎዳው።

“ሙቀት ነው በረዶ?” ከመሥራትህ በፊት ለደረቀ ነገር ሙቀት፤ ከሠራህ በኋላ ለጋለና ላበጠ በረዶ። ሁለቱም ለጥቂት ሰዓት ያስታግሳሉ እንጂ ዲግሪ አይጨምሩም። የቆዳ ስሜትህ የቀነሰ ከሆነ፣ ለምሳሌ በስኳር ምክንያት፣ ሁለቱንም ተጠንቀቅ፤ ሳይታወቅህ ያቃጥላል።

“የእጄ አንጓ ተሰብሮ ጄሶ ላይ ነኝ። እስኪፈታ ልጠብቅ?” አትጠብቂ። ከጄሶው የወጣውን ሁሉ ዛሬውኑ አንቀሳቅሺ። ጣቶችሽን እስከ መጨረሻው ዝጊና ክፈቺ፤ አውራ ጣትሽን ከትንሿ ጣት ሥር አድርሺ። ክርንሽንና ትከሻሽንም አትርሺ። የአንጓ ስብራት ድኖ ትከሻ ደርቆባቸው የሚመጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ጣቶችሽ ካበጡ እጅሽን ከልብሽ ከፍ አድርጊ። ከደነዘዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ሕመሙ ከስብራቱ ቀን ከባሰ ጄሶው ጠብቋልና ወዲያው ሂጂ።

“ከልጅነቴ ጀምሮ አውራ ጣቴ ክንዴን ይነካል፣ ጉልበቴም ወደ ኋላ ይታጠፋል። መገጣጠሚያዎቼ ያሙኛል። የበለጠ ላሳስብ?” አንቺን የያዘሽ ነገር የለም፤ ችግሩም እሱ ነው። ልል መገጣጠሚያ የሚወጠር የሚመስለው ጡንቻው ደክሞ ስለሚከላከል ነው። ማሳሰቡን ተዪና ጥንካሬ ሥሪ። በተለይ ጉልበትሽን ስትቆሚ ወደ ኋላ አትቆልፊው፤ ትንሽ አላልተሽ መቆም ተለማመጂ። ትከሻሽ በተደጋጋሚ የሚወልቅ ከሆነ ደግሞ ልምምዱን ከመጀመርሽ በፊት ሐኪም ይይሽ።